አገር ቤት ባንክ የቀረ ብር፦ ስልኩም ፊርማውም አልታዘዝ ብሎኛል

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል፤ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የግል ሆስፒታል በነርስነት ለስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከደመወዜ ያጠራቀምሁትና በመጨረሻ የቤት ዕቃዬን ሸጬ የጨመርሁበት 380,000 ብር ገደማ በአንድ ባንክ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አለኝ። ስነሣ ጥድፊያ ስለነበር ገንዘቡን ከዚህ ሆኜ እንዴት እንደማንቀሳቅሰው አላሰብሁበትም፤ የባንኩ የሞባይል መተግበሪያ ስልኬ ላይ እስካለ ድረስ ችግር አይኖርም ብዬ ነበር የወጣሁት።

እውነትም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት አላስቸገረኝም፤ ለእናቴ የስኳር መድኃኒት፣ ለታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ በየወሩ እልክ ነበር። ችግሩ የመጣው ስልኬን ስቀይር ነው። መተግበሪያውን በአዲሱ ስልክ ስጭነው የማረጋገጫ ቁጥር በኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሬ እንደላከልኝ ይነግረኛል። ያ ሲም ካርድ ደግሞ በፖስታ ታሽጎ እህቴ ዘንድ ነው ያለው፤ አውጥታ ስልኳ ላይ ብታስገባው ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት ስለቆየ አገልግሎቱ ተቋርጧል። ለማስከፈት ብትሄድም ባለቤቷ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ትምጣ አሏት።

ከዚያ በኋላ ለእናቴ ውክልና መስጠት ይሻላል ብዬ ዲሲ በሚገኘው ኤምባሲያችን ቀርቤ ፈረምሁ። እናቴ ሰነዱን ተቀብላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባንም ጨረሰች፤ ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቷል። የባንኩ ቅርንጫፍ ግን በሁለት ምክንያት መለሳት። አንደኛው፣ በውክልናው ላይ ያለው ፊርማዬ ሒሳቡን ስከፍት ከፈረምሁት ጋር አይመሳሰልም የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሒሳቡን ስከፍት ሙሉ ስሜን በአማርኛ ነበር የፈረምሁት፤ ፓስፖርት ካወጣሁ ወዲህ ግን በእንግሊዝኛ ጫር አድርጌ ነው የምፈርመው። ሁለተኛው፣ ውክልናው «ንብረቴን እንድታስተዳድርልኝ» ከማለት በቀር ከሒሳቤ ገንዘብ ወጪ እንድታደርግ በግልጽ አይልም የሚል ነው።

በዚህ መሀል እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተዋወቅሁት አንድ ሰው፣ አዲስ አበባ ቤት ስለሚያሠራ ብሬን እዚያ ለግንበኛው እንዳስተላልፍለትና እሱ እዚህ ዶላር በእጄ እንዲሰጠኝ ሐሳብ አቅርቦልኛል። ምንዛሪው ከባንክ የተሻለ ነው ይላል። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ብሩን በሕጋዊ መንገድ ወደ ዶላር ለውጦ እዚህ ማምጣት ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም ቢያንስ ለቤተሰቤ እንዲደርስ ምን ባደርግ እንደሚበጅ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ ከቀድሞ የባንክ ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። በቅርንጫፍ ደረጃ ለአሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁ የፊርማውንና የውክልናውን ጉዳይ ልመልስልዎት፤ የምንዛሪውን የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይጨምርበታል።

በመጀመሪያ፣ ቅርንጫፉ እናትዎን የመለሳቸው ሊያጉላላቸው አስቦ ነው ብዬ አላምንም። ሒሳብ ሲከፈት ደንበኛው የፈረመበት የፊርማ ናሙና በኮምፒውተሩ ሥርዓት ውስጥ ይቀመጣል። ተወካይ በመጣ ጊዜ ሠራተኛው ያንን ናሙና በስክሪኑ ላይ ከፍቶ ከቀረበው ሰነድ ጋር ያስተያያል። ኤምባሲው የሚመሰክረው በፊቱ ቀርበው መፈረምዎን ነው፤ የባንኩ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የፈረመችው ሴት ይህንን ሒሳብ የከፈተችው ሴት ራሷ ናት ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስም የሚመሳሰል ሰው ብዙ ነው። ተመሳሳይ ባልሆነ ፊርማ ገንዘብ ተከፍሎ በኋላ ክርክር ቢነሣ በቅድሚያ የሚጠየቀው ክፍያውን ያጸደቀው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ማኅተሙ አራትም ቢሆን አምስት እጁን ይሰበስባል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የድሮ ፊርማዎን አስታውሰው መፈረም የሚችሉ ከሆነ አዲሱን ውክልና በዚያው በድሮው ይፈርሙ፤ ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው። ካልሆነ ደግሞ ከውክልናው ጋር ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ የፊርማ ለውጥ ማመልከቻ ያዘጋጁ፤ ማመልከቻው ላይ የሒሳብ ቁጥርዎን፣ ሒሳቡን የከፈቱበትን ቅርንጫፍና ዓመት፣ እንዲሁም አዲሱን ፊርማዎን አስፍረው እሱንም በኤምባሲው አረጋግጠው ከፓስፖርትዎ ቅጂ ጋር ይላኩ። አንዳንድ ቅርንጫፍ በቪዲዮ ስልክ ደውሎ እንዲያነጋግርዎት ሊጠይቅ ይችላል፤ ስልኩን ያንሡ።

የቃላቱን ጉዳይ በተመለከተ የባንኩ ሠራተኛ ልክ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2203 እስከ 2205 እንደተደነገገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያበቃው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ባንኮች ከሒሳብ ገንዘብ ማውጣትን በጠቅላላው ቃል ውስጥ አስገብተው መተርጎም አይወዱም። ስለዚህ በአዲሱ ላይ እንዲህ ብለው ያስጽፉ፦ «በእገሌ ባንክ በእገሌ ቅርንጫፍ በስሜ በተከፈተው፣ ቁጥሩ ይህ በሆነው የቁጠባ ሒሳቤ ካለው ገንዘብ ላይ ወጪ እንድታደርግ፣ ወደ ሌላ ሒሳብ እንድታዛውር፣ የሒሳብ መግለጫ ጠይቃ እንድትወስድ፣ ስለዚሁ ሒሳብ በባንኩ ፊት ቀርባ በስሜ እንድትፈርም»። የሒሳብ ቁጥሩ ሳይጻፍ የሚመጣ ውክልና ግማሽ ውክልና ነው።

ሌላም ልጨምር። የእርስዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በባንክ ደብተርዎ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይጻፍ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሚወጡ ወረቀቶች ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ፊት ይመጣና የአባት ስም መሀል ገብቶ ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የመለስናቸው ሰነዶች ብዙ ነበሩ፣ መመለሱ ለእኛም ደስ አይለንም ነበር። እናትዎንም ውክልናውን ይዘው ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ እንዲሄዱ ይንገሯቸው። ማንኛውም ቅርንጫፍ ያስተናግዳል ቢባልም፣ ውክልና ሲሆን ሌላው ቅርንጫፍ ወደ እናት ቅርንጫፉ መምራቱ አይቀርም።

በመጨረሻ የግል አስተያየቴን ልስጥ፤ ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ እናትዎ ሒሳብ አያዛውሩት። በየወሩ ለመድኃኒትና ለትምህርት የሚሆነውን ብቻ እንዲያወጡ የወር ጣሪያ በውክልናው ላይ ማስፈር ይቻላል። እናትዎን ባለማመን አይደለም፤ ሰው ሊያታልላቸው ቢሞክር ወይም እርስዎ ውክልናውን መሻር ቢፈልጉ ጉዳቱ ልክ ይኖረዋል ብዬ ነው። ሲሽሩም ሰነዱን መሻር ብቻ አይበቃም፤ ባንኩ በጽሑፍ እንዲያውቅ መደረግ አለበት፤ ካልተነገረው የድሮውን ይዞ መክፈሉን ይቀጥላል።

መልስ፦ ከጅዳ

እህቴ፣ እንኳን ለአገሩ ምድር አበቃሽ። እኔ ሳዑዲ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ስለ ሲም ካርዱ ነው የምነግርሽ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ አቃጥሎኛል።

ለረጅም ጊዜ ያልተሞላበት ቁጥር መጀመሪያ ይቋረጣል፤ ከዚያም ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። የእኔ ቁጥር እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ወንድሜ ቢደውልልኝ የማያውቀው ወጣት አነሣው። ያ ልጅ ምንም አላጠፋም፤ ከሱቅ ነው የገዛው። ነገር ግን ባንኩ የሚልከው ማረጋገጫ ሁሉ እሱ ጋ ይደርስ ነበር። ቁጥሩ ከባንኩ እንዲነሣ ለማድረግ አገር ቤት እስክገባ ድረስ ሰባት ወር ስጠብቅ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ያንቺ ቁጥር ተቋርጦ እንጂ ተሸጦ ካልሆነ ቶሎ ድረሽበት። በመጀመሪያ እህትሽ በሌላ ስልክ ወደ ቁጥሩ ደውላ ማን እንደሚያነሣ ታረጋግጥ።

ለባንኩ የምትሰጪው ውክልና ለስልኩ አያገለግልሽም። በዚያው ሰነድ ላይ ወይም ለብቻው፣ «በስሜ የተመዘገበውን ይህን የስልክ ቁጥር አገልግሎት እንድታስቀጥል፣ ምትክ ሲም ካርድ እንድታወጣ» የሚል ቃል አስጨምሪ፤ ቁጥሩም ይጻፍ። ኤምባሲ አንድ ቀን ለሚሄድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጉዞ መጨረስ ነው የሚሻለው፤ ለዚች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲባል ከሥራ ሌላ ቀን መቅረት የለም።

ሲሙ ሲወጣ በአስተማማኝ መንገደኛ አስልኪውና ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ውስጥ አኑሪው። ሮሚንግ አገልግሎቱ ከመላኩ በፊት አገር ቤት ሳለ ይከፈትልሽ፤ ውጭ ከወጣ በኋላ ማስከፈት ሌላ ጣጣ ነው። መልእክት ብቻ እንዲቀበል እንጂ ጥሪ እንዳታነሺበት፣ ዳታውንም እንዳትከፍቺው፤ ሒሳቡን ይበላዋል። በየወሩ ከአገር ቤት ትንሽ ካርድ ይሙሉልሽ። እኔ ወንድሜን በየወሩ በ1ኛው ቀን ሃምሳ ብር ሙላልኝ ብዬ አስለምጄዋለሁ፤ ሲረሳ ደግሞ እናታችን ታስታውሰዋለች።

አንዳንዶች ሲሙ እህቴ ጋ ይቀመጥና የማረጋገጫ ቁጥር ሲመጣ በቴሌግራም ታንብብልኝ ይላሉ። እኔ አልመክርሽም። እህትሽ መልካም ልጅ ብትሆንም ስልኳ ሊሰረቅ ይችላል፤ ሲሙና የምስጢር ቁጥሩ በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ ያ ሰው አንቺን ሆነ ማለት ነው። የምስጢር ቁጥርሽን ለማንም አትንገሪ፤ ባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰውማ በጭራሽ።

ደግሞ አንድ ቀን አገር ቤት ስትገቢ ከሁሉ በፊት ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ካላወጣሽ አውጪ። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ባለ አሥራ ሁለት አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ግዴታ ሆኗል፤ ነባሩንም ሒሳብ ከፋይዳ ጋር አያይዙ እየተባለ ነው። ባለፈው ዓመት ስገባ የመጀመሪያ ቀኔን በዘመድ ጥየቃ አሳልፌ ሳላወጣ ልመለስ ነበር፤ አክስቴ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

የሒሳብ ሥራ ስለምሠራ የምንዛሪውን ጥያቄ በጥቂቱ ላብራራ።

ብር ከአገር ውጭ የማይመነዘር ገንዘብ ነው፤ በቁጠባ ሒሳብዎ ያለውን ብር ለዚህ አገር ባንክ አስተላልፉልኝ ብሎ ዶላር ማግኘት አይቻልም። የኢትዮጵያ ባንክ የሰጠዎት ኤቲኤም ካርድም፣ የቪዛ ምልክት ቢኖርበትም፣ በብር ሒሳብ ላይ የተሠራ ከሆነ በአገር ውስጥ ማሽን ላይ ብቻ እንዲሠራ የተደረገ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ብዙ ነገር ቀይሯል፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፣ ከባንክ ውጭ ያሉ የምንዛሪ ቢሮዎችም ተፈቅደዋል። ሆኖም ባንክ ዶላር የሚሸጠው ለተፈቀደ ጉዳይ፣ ማስረጃ ቀርቦ ነው፤ ለጉዞ፣ ለውጭ ሕክምና፣ ለውጭ ትምህርት እንደማለት ነው። ኑሮዋን ውጭ ያደረገች ሰው ያላትን የብር ቁጠባ ጠቅልላ ታውጣ የሚል መስኮት የለም። ለእረፍት ገብተው ሲመለሱ ግን ፓስፖርትዎንና የአውሮፕላን ቲኬትዎን ይዘው ለመንገድ የሚፈቀደውን ያህል ከባንክ ወይም ከምንዛሪ ቢሮ በብርዎ መግዛት ይችላሉ፤ ሕጋዊው በር ጠባብ ቢሆንም ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ከደመወዝዎ የሚተርፈውን አገር ቤት ማስቀመጥ ቢፈልጉ፣ የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይክፈቱ። በዶላር ያስገቡት በዶላር ይቀመጣል፤ ወደ ብር ሒሳብ የገባ ዶላር ግን ብር ሆኖ ይቀራል። ይህንን ልዩነት ባለማወቅ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። ማሻሻያው ከመደረጉ በፊት የባንክ ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በኋላም 100ን አልፎ ሄደ። የእርስዎ 380,000 ብር በ57 ሲካፈል ከ6,600 ዶላር በላይ ነበር፤ በ130 ብር ቢሰላ ደግሞ 2,900 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል፤ በዚህ ሒሳብ የእርስዎ ገንዘብ በዓመት 26,600 ብር ይወልዳል፣ ከዚያም ላይ ግብር ይቀነሳል። ስለዚህ ብሩ ዶላር እስኪሆን ድረስ ማቆየት ትርፍ የለውም። ብር በብርነቱ የሚፈለግበት ቦታ፣ ማለትም ለእናትዎ መድኃኒትና ለወንድምዎ ትምህርት፣ ቢውል ግን ከዚህ ዶላር ከመላክ ያሳርፍዎታል፤ በተዘዋዋሪ ዶላርዎ እጅዎ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሰው በተመለከተ ልብዎ የነገረዎትን ይስሙ። ከተፈቀደለት ተቋም ውጭ የውጭ ምንዛሪ መለዋወጥ በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው። ሰውዬው ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብሩን የሚያስተላልፉለት ግንበኛ ማን እንደሆነ እርስዎ አያውቁም፤ በሒሳብዎ ላይ ያልተለመደ ትልቅ ዝውውር ሲታይ ባንኩ ሊያግደው ይችላል፤ እዚህም በጥሬው የተቀበሉት ዶላር ምንጩ ቢጠየቅ የሚያሳዩት ወረቀት የለም። ገና ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ይህ ለጥቂት ብር ልዩነት የሚገባበት ነገር አይደለም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦች በድምሩ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ደርሰው ከነበረ፣ ኤፍባር (FBAR) የሚባለውን፣ የውጭ አገር ሒሳብን ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቂያ ቅጽ በኢንተርኔት ማስገባት አለበት። ቀኑ ኤፕሪል 15 ሲሆን እስከ ኦክቶበር 15 በራሱ ይራዘማል። ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው። የእርስዎ 10,000 ስለማይሞላ አይመለከትዎትም። ነገ የወላጅ ቤት ተሸጦ ድርሻዎ በስምዎ ቢገባ ግን ያን ጊዜ ያስታውሱት። የወለዱ ገቢ ደግሞ ትንሽም ቢሆን በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዎ ላይ ይጻፋል።

ከጠያቂዋ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስሁበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስሁት።

የድሮ ፊርማዬን በጭራሽ አላስታውሰውም ነበር። የባንክ ደብተሬ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ትዝ ሲለኝ ግን እናቴን የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ብዥ ያለ ፎቶ ነበር የላከችው፤ ቢሆንም ፊርማዬ ይታያል፤ የስሜ የመጨረሻ ፊደል ጭራ ወደ ታች ረዝሞ ተመልሶ ስሜን ከሥር ያሰምርበታል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህን ያህል ማጌጥ እወድ ኖሯል። ከማታ ተራ ስመለስ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ደጋግሜ ተለማመድሁት፤ እጄ ሳይንቀጠቀጥ የወጣልኝ ከአንድ ሙሉ ገጽ በኋላ ነው።

ኤምባሲ ሁለተኛ ስሄድ የሒሳብ ቁጥሩንም፣ የስልክ ቁጥሩንም፣ ወጪ የማድረጉንም ቃል በአንድ ሰነድ አስጻፍሁ፤ የወር ጣሪያውን 25,000 ብር አደረግሁት። የድሮውን በአማርኛ ከፈረምሁ በኋላ ከሥሩ የአሁኑንም እንድፈርም ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ የፊርማ ለውጥ ማመልከቻውንም ለማንኛውም ብዬ አብሬ ላክሁ። ሰነዱ በመንገደኛ ሄዶ ማኅተሙ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። እናቴ ቅርንጫፉ ስትደርስ ያው የመጀመሪያው ሠራተኛ ነበር ያስተናገዳት፤ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አየና «ይቺ ራሷ ናት» አላት። የዚህን ወር አውጥታለች፤ የወንድሜም ክፍያ ተከፍሏል።

ቁጥሩ ለሌላ ሰው አልተሸጠም ነበር፤ እህቴ ምትኩን አውጥታ ሮሚንጉን አስከፍታለች። ሲሙ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚመጣ የጎረቤት ልጅ ጋር ይደርሰኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ይቅርታ ጠይቄ አልሆነልኝም ብዬዋለሁ። ትንሽ ቅር አለው መሰለኝ፤ ባለፈው እሑድ ሰላምታውን ከሩቅ ነው የሰጠኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሲሙ ሲደርሰኝ መተግበሪያውን በአዲሱ ስልክ ሳስከፍት፣ እናቴ በውክልና እያወጣች እኔም ከዚህ እያስተላለፍሁ በአንድ ሒሳብ ላይ መሥራት እንችላለን ወይስ ባንኩ ይከለክላል?

መልስ፦ ከቀድሞ የባንክ ባለሙያ

እንኳን ደስ አለዎት። አይከለክልም፤ ሒሳቡ የእርስዎ ስለሆነ ተወካይ መሾምዎ የራስዎን መብት አይቀንሰውም። መተግበሪያው እንደተከፈተ ግን አስቀድመው የምስጢር ቁጥሩን ይቀይሩና ትንሽ ገንዘብ፣ መቶ ብር እንኳ ቢሆን፣ ለእናትዎ ልከው ይሞክሩት። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ የሞባይል አገልግሎት አንዳንዴ ቀሪ ሒሳብ ያሳይና ማስተላለፉን ይከለክላል፤ እንዲያ ከሆነ እናትዎ በሚቀጥለው ወር ወደ ቅርንጫፉ ሲሄዱ እንዲነገርላቸው ቢያደርጉ ለብቻው ሌላ ቀጠሮ አያስፈልገውም።